689,472 ለ532 ሲካፈል፦ ስለ ባሕረ ሐሳብ፣ ስለ ሉአኽና ስለ ሁለት የችኮላ ንባቦች

ሁለት ቁጥሮች አሉ። አንደኛው 532 ነው። በግዕዝ መጻሕፍት «ዐቢይ ቀመር» ይባላል፤ የባሕረ ሐሳብ አቆጣጠር አንድ ዙር ጨርሶ ከመነሻው የሚገናኝበት የዓመታት ብዛት ነው። ሁለተኛው 689,472 ነው። ይኸኛው የዕብራይስጡ ሉአኽ ሙሉ ዙሩን የሚጨርስበት ነው። የዘንድሮዋ ሮሽ ሀሻና ከነሞላዷ፣ ከነዕለቷ፣ ከነሰዓቷና ከነክፍልፋይዋ ምንም ሳይዛነፍ የምትደገመው ከ689,472 ዓመት በኋላ ነው። አሁን የስልካችሁን ማሕሼቮን ክፈቱና ትልቁን ለትንሹ አካፍሉት። 1,296 ይወጣል፤ ቀሪ የለውም። 1,296 ራሱ ደግሞ 6 በ6 በ6 በ6 ነው።

በሺምሾን ለባግሩት ሒሳብ ለማስጠናቸው ልጆች ይህን ባሳየኋቸው ጊዜ ወዲያው ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ «አያችሁ! የአባቶቻችን አቆጣጠር እዚህ ካለው ጋር አንድ ነው ማለት ነው፤ ይህ ምልክት ነው» አሉ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ግን «ቆይ፣ ታዲያ ማን ከማን ኮረጀ?» ብላ ጠየቀች። ሁለቱም ንባብ አዲስ አይደለም። የመጀመሪያው በየቤታችን አለ፤ ሁለተኛው በየትምህርት ቤታችን አለ። አንዱ ቁጥሩን ሰግዶ ይቀበለዋል፤ ሌላው የወንጀል ማስረጃ ያደርገዋል። ሁለቱም ግን አንድ ነገር ይዘላሉ፦ ቁጥሩ ከምን እንደተሠራ አይጠይቁም።

እኔ እዚህ የምተቸው ሁለቱንም ነው። መሣሪያዬም የስድስተኛ ክፍል ሒሳብ ነው፤ አካፋይ፣ ቀሪ፣ ትንሹ የጋራ ብዜት። ከዚያ ያለፈ ነገር አያስፈልግም።

532 ከየት መጣ?

ባሕረ ሐሳብ የቀሪዎች ሒሳብ ነው። ሊቃውንቱ ዓመቱን ያካፍላሉ፤ ስንት ጊዜ ደረሰ የሚለው ብዙም አያስጨንቃቸውም፤ የሚፈልጉት የተረፈውን ነው። በዘንድሮው ዓመት እንሞክረው። 2018 ላይ 5,500 ስንደምር ዓመተ ዓለም 7,518 ይሆናል። ይህን ለ4 ብናካፍል 2 ይተርፋል። ይህ ቀሪ ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆንበት ዓመት መቼ እንደሆነ ይነግረናል። ለ19 ብናካፍል 13 ይተርፋል። ከዚህ ላይ አንድ ሲቀነስ 12 ይቀራል፤ እሱ «ወንበር» ይባላል። ወንበር በ11 ተባዝቶ፣ ሠላሳ ሠላሳው ሲጣል የሚቀረው «አበቅቴ» ነው፦ 132 ሲቀንስ 120፣ 12። ወንበር በ19 ተባዝቶ እንዲሁ ሠላሳ ሠላሳው ሲጣል «መጥቅዕ» ይወጣል፦ 228 ሲቀንስ 210፣ 18።

ተማሪዎች በቃል የሚይዙት አንድ ሕግ አለ፦ አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 ናቸው። የእኛም 12 እና 18 ሠላሳ ሆነዋል። ይህን እንደ ምሥጢር የሚያወሩ አሉ። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። 11 እና 19 ሲደመሩ 30 ነው፤ ስለዚህ ወንበር ምንም ይሁን ምን የሁለቱ ብዜቶች ድምር የ30 ብዜት ነው። ሠላሳ ሠላሳው ሲጣል ከሁለቱ የሚተርፈው ሌላ ሊሆን አይችልም። ወንበር ባዶ ሲሆን እንኳ አበቅቴ 0፣ መጥቅዕ 30 ተብሎ ሕጉ ይጠበቃል። ይህን የቀመረ ሰው የሚሠራውን ያውቅ ነበር። ምሥጢር ሲባል ያ እውቀት ይሸፈናል፤ ሲብራራ ነው የሚታየው።

እንግዲህ 532 ከሦስት ነገሮች የተሠራ ነው። አራት ከጳጉሜን ዙር መጣ። ሰባት ከሳምንት መጣ። አሥራ ዘጠኝ ከጨረቃ መጣ፤ 19 የፀሐይ ዓመት ከ235 የጨረቃ ወር ጋር በጣም ይቀራረባልና። ሊቃውንቱ 19ኙን ንዑስ ቀመር፣ 4 ጊዜ 19 የሆነውን 76 ማዕከላዊ ቀመር፣ 7 ጊዜ 76 የሆነውን 532 ዐቢይ ቀመር ይሉታል። 4፣ 7 እና 19 እርስ በርሳቸው የጋራ አካፋይ የላቸውም። ስለዚህ ሦስቱም ዙሮች በአንድ ላይ ወደ መነሻቸው የሚመለሱት ከብዜታቸው በፊት አይደለም።

ከዚህ የሚከተል ሌላ ነገር አለ። አንድ ሰው የዓመቱን ሦስት ቀሪዎች ብቻ ቢነግራችሁ፣ ዓመቱ በ532ቱ ውስጥ የት እንደሚገኝ ታውቃላችሁ። 7,518 ለ4 ሲካፈል 2፣ ለ7 ሲካፈል 0፣ ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል። ከ1 እስከ 532 ካሉት ቁጥሮች ይህን ሦስቱንም የሚያሟላው 70 ብቻ ነው። በእርግጥም 14 ዐቢይ ቀመሮች 7,448 ዓመት ናቸው፤ 7,518 ላይ ለመድረስ 70 ይቀራል። ዩኒቨርሲቲ ስትገቡ ይህን «ሚሽፓት ሀሽኤሪዮት ሀሲኒ» በሚል ስም ታገኙታላችሁ። ያን ቀን «ይህን አውቀዋለሁ» ብትሉ ኩራታችሁ ትክክለኛ ኩራት ነው።

689,472 ከየት መጣ?

ዕብራይስጡ ሌላ መንገድ ሄደ። ሰዓቱን ለ1,080 ኸላኪም ከፈለ። ስለዚህ ቀን 25,920 ኸላኪም አለው፤ ሳምንት 181,440። የጨረቃ ወር፣ ማለት ከሞላድ እስከ ሞላድ፣ 29 ቀን ከ12 ሰዓት ከ793 ኸላኪም ነው። ራምባም በሚሽኔ ቶራ፣ ስለ ወር መቀደስ በጻፉት ክፍል፣ ይህንኑ ይሰጣሉ። ሁሉንም ወደ ኸላኪም ብንመልሰው አንድ ወር 765,433 ይሆናል። 19 ዓመት 235 ወር ነው፤ 235 በ765,433 ሲባዛ 179,876,755 ይመጣል።

ጥያቄው እንግዲህ ይህ ነው፦ ሞላዷ ከ19 ዓመት በኋላ በዚያው ዕለት፣ በዚያው ሰዓት ትመጣለች? አትመጣም። ቁጥሩን ለሳምንት ስናካፍል 991 ሳምንት ደርሶ 69,715 ኸላኪም ይተርፋል፤ እሱም 2 ቀን ከ16 ሰዓት ከ595 ነው። በየ19 ዓመቱ ይህን ያህል እየተገፋች ትሄዳለች። ተገፍታ ተገፍታ ልክ ሙሉ ሳምንት ላይ የምታርፈው መቼ ነው? እዚህ ላይ ትልቁ የጋራ አካፋይ ይፈርዳል። የ69,715 እና የ181,440 ትልቁ የጋራ አካፋይ 5 ነው። ስለዚህ 181,440 ለ5 ሲካፈል የሚገኘው 36,288 የ19 ዓመት ዙር ያስፈልጋል። ያ በ19 ሲባዛ 689,472 ነው።

አምስት ብቻ ለምን ሆነ? 181,440 የተሠራው ከ2፣ ከ3፣ ከ5 እና ከ7 ብቻ ነው። 765,433 ለአራቱም አይካፈልም። የሚረዳን 235 ብቻ ነው፤ እሱ 5 በ47 ነው። በአሥራ ዘጠኙ ዓመት ውስጥ ያሉት ወሮች ለ5 ባይካፈሉ ኖሮ፣ ዙሩ አምስት እጥፍ ረዝሞ ከሦስት ሚሊዮን ዓመት በላይ ይሆን ነበር።

በዚህ መንገድ ላይ የተሰናከለ የታወቀ ቀመር አለ። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሱራ ለነበሩት ለራቭ ናኽሾን ጋኦን የሚሰጠው ዙር 247 ዓመት ነው፤ 13 ጊዜ 19። ሉአኹ ከ247 ዓመት በኋላ ይደገማል ይላል። ሊደገም ምንም አይቀረውም፤ 905 ኸላኪም ብቻ ይጎድለዋል፣ ሃምሳ ደቂቃ ገደማ። ብዙ ዓመታት ላይ ይሠራል፤ አንዳንዱ ላይ ግን ያቺ ሃምሳ ደቂቃ በዓሉን ወደ ሌላ ቀን ትገፋዋለች። በቁጥር ዓለም «ሊደርስ ምንም አልቀረውም» እና «ደረሰ» የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ይህን ያዙልኝ፤ ወደ ታች እንፈልገዋለን።

6 በ6 በ6 በ6

አሁን «ምልክት ነው» ወዳሉት ልጆች ልመለስ። 689,472 ውስጥ 7 አለ፣ ከሳምንት የመጣ። 19 አለ፣ ከጨረቃ ዙር የመጣ። 532 ውስጥም ሁለቱ አሉ፣ በዚያው ምክንያት። እነዚህን ከሁለቱም ብናወጣ ከዕብራይስጡ የሚቀረው 25,920 ለ5 ተካፍሎ ነው፤ ከኢትዮጵያው የሚቀረው 4 ነው። ስለዚህ 1,296 ማለት የአንድ ቀን ኸላኪም ለ20 ተካፍሎ ነው። በቃ። 25,920 ለ20 ሲካፈል 1,296። ስድስቶቹ የመጡት ቀኑን ለ24 ሰዓት፣ ሰዓቱንም ለ1,080 ከከፈለ ሰው እጅ ነው። 24 እና 1,080 በ2 እና በ3 የተሞሉ ቁጥሮች ናቸው፤ የተመረጡትም ለብዙ ነገር እንዲካፈሉ ነው። ሰዓቱ ለ1,000 ቢከፈል ኖሮ ስድስቶቹ አይኖሩም ነበር።

ይህ ምሥጢሩን ያጠፋብናል የሚል ይኖራል። እኔ አይመስለኝም። 7ቱና 19ኙ እውነተኛ ዝምድና ናቸው፦ ሁለቱም ሕዝቦች ሰንበትን ይቆጥራሉ፣ ሁለቱም ጨረቃን ከፀሐይ ጋር ለማስታረቅ በ19 ይሠራሉ። አራቱ ግን አጋጣሚ ነው። በ532 ውስጥ አራቱ ጳጉሜን ነው፤ በ689,472 ውስጥ ያለው አራት ከሰዓት ክፍልፋይ የመጣ ነው፣ ከጳጉሜን ጋር አይተዋወቁም። ዘመድና ሞክሼ አንድ አይደሉም።

የማን ዓመት?

ከዚህ የሚከብድ ስሕተት ደግሞ አለ። «689,472 ዓመት 1,296 ዐቢይ ቀመር ነው» ስንል የማን ዓመት እየቆጠርን ነው?

የኢትዮጵያ ዓመት በአማካይ 365 ቀን ከሩብ ነው። 19ኙ ዓመት 6,939 ቀን ከ18 ሰዓት ይሆናል። የዕብራይስጡ 19 ዓመት ግን 6,939 ቀን ከ16 ሰዓት ከ595 ኸላኪም ነው። ልዩነቱ 1 ሰዓት ከ485፣ ማለት 1,565 ኸላኪም ነው። ትንሽ ይመስላል። በ36,288 ዙር ሲባዛና ወደ ቀን ሲመለስ ግን 2,191 ቀን ይሆናል፤ ስድስት ዓመት ማለት ነው። ዕብራይስጡ 689,472 ዓመቱን በ251,827,457 ቀን ጨርሶ ሲቀመጥ፣ የኢትዮጵያው ገና 2,191 ቀን ይቀረዋል።

እንግዲህ የተስማሙት ቁጥሮቹ ናቸው፤ ዘመኖቹ አልተስማሙም። ይህን የመሰለ ንባብ በየቦታው ያጋጥመናል። «ሁለቱም 7 አላቸው፣ ሁለቱም 12 አላቸው» ይባላል፤ የምን ሰባት፣ የምን አሥራ ሁለት እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ሒሳብ ላይ ከስሌት ስሕተት የባሰ ስሕተት አለ፤ መለኪያውን ሳይጠይቁ ቁጥሩን መውደድ።

ደግሞም ሁለቱም ዙሮች «ፍጹም» የሚባሉት በወረቀት ላይ ነው። 365 ቀን ከሩብ ከወቅቶች ጋር ሲነጻጸር በ128 ዓመት አንድ ቀን ይዛነፋል። ዕብራይስጡም በ216 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ይዛነፋል። በዚሁ ፍጥነት ቢቀጥል 689,472 ዓመት እስኪሞላ ፋሲካ ከወቅቷ ከስምንት ዓመት በላይ የሚሆን ቀን ትርቃለች፤ ክረምትንም በጋንም ደጋግማ ትዞራለች። ቁጥሩ ራሱን ይደግማል፤ ሰማዩ አብሮት አይደግምም።

«ማን ከማን ኮረጀ?»

የልጅቷን ጥያቄ ከሁሉ አጥብቀው የያዙት ሰው ኦቶ ኖይገባወር ናቸው። በ1899 ኢንስብሩክ ተወልደው፣ ብዙ ዘመናቸውን በአሜሪካ በብራውን ዩኒቨርሲቲ የሠሩ የጥንት ሒሳብ ታሪክ ሊቅ ነበሩ። በ1979 በቪየና ስለ ኢትዮጵያ ሥነ ፈለክና የዘመን ስሌት አንድ መጽሐፍ አሳተሙ። የመጽሐፉ ትልቅ ውለታ የግዕዝ ብራናዎችን እንደ ሒሳብ ማንበቡ ነው። ከእሳቸው በፊት ብዙዎች እንደ ትውፊት ወይም እንደ ጉድ የሚያዩትን ሠንጠረዥ፣ ኖይገባወር ረድፍ በረድፍ አሠሉት፣ የጸሐፊ ግድፈት ያለበትንም ለዩ። ለአንድ ጽሑፍ ከዚህ የበለጠ አክብሮት አላውቅም።

ከሠንጠረዦቹ ተነሥተው የደረሱበት ሐሳብ ግን ደፋር ነው፦ የእስክንድርያ ክርስቲያኖች የፋሲካ ስሌት መሠረቱ በዚያ ከተማ የነበሩት አይሁድ የ19 ዓመት ዙር ነው፤ የግዕዝ መጻሕፍትም ያንን የጠፋ የአይሁድ አቆጣጠር ጠብቀው አቆይተውታል ይላሉ። ለእኛ ለቤተ እስራኤል ልጆች ይህ እንዴት እንደሚያጓጓ መንገር አያስፈልግም። ማስረጃ የሚመስልም አለው። መጥቅዕ የሚለው ቃል የመለከት ድምፅ ነው፤ በዕብራይስጥ የሾፋር «ትኪአ» ከምንለው ጋር ዘመድ ሥር አለው። ባሕረ ሐሳብ ላይ በዓለ መጥቅዕ የሰባተኛው ወር መባቻ ነው፣ ማለት ሮሽ ሀሻና።

እስኪ በስሌት እንፈትነው። የዘንድሮ መጥቅዕ 18 ነው፤ ከ14 ስለሚበልጥ መስከረም 18 ላይ ይውላል። በፈረንጅ ሴፕቴምበር 28፣ 2025 ነው። እኛ አሽቀሎን ውስጥ ሾፋር የሰማነው ግን ሴፕቴምበር 23 ነበር፤ መስከረም 13 ማለት ነው። የአምስት ቀን ልዩነት አለ። ከላይ ያየነው 1,565 ኸላኪም አንድ ቀን የሚሞላው በ315 ዓመት ገደማ ነው። አምስት ቀን ከ1,500 ዓመት በላይ ይሆናል። ሁለቱ አቆጣጠሮች ይገናኙ የነበረው እንግዲህ በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አካባቢ ነው። የ532 ዓመቱን ዙር በማውጣት የሚታወቀው አንያኖስ የተባለው የእስክንድርያ መነኩሴም በ5ኛው መቶ መጀመሪያ የኖረ ነው። ደስ የሚል ግጥጥሞሽ ነው። ግን የናኽሾንን 905 አስታውሱ። መጥቅዕ በሙሉ ቀን ብቻ ይቆጠራል፤ ሮሽ ሀሻናም አንዳንዴ አንድ ወይም ሁለት ቀን ትገፋለች። የአንድ ቀን ስሕተት 315 ዓመት ያሳስታል። ስሌቱ ዘመኑን በግምት ያሳያል፤ ባለቤቱን ግን ፈጽሞ አያሳይም።

እዚህ ላይ ነው ኖይገባወርን የምተቸው። ከ«ሁለቱ ይገጥማሉ» ወደ «አንዱ የሌላው ነው» የተሻገሩበት ድልድይ ከሒሳብ የተሠራ አይደለም። ሳሻ ስተርን በ2001 ስለ አይሁድ የዘመን አቆጣጠር ታሪክ ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳሳዩት፣ ቋሚው ሉአኽ በአንድ ቀን አልተደነገገም፤ ቀስ በቀስ ነው የቆመው። በ921 እና በ922 እንኳ ሰዓድያ ጋኦንና ቤን ሜኢር በ642 ኸላኪም ምክንያት ተጣልተው፣ ማኅበረሰቦች በዓላቸውን በተለያየ ቀን አክብረዋል። በ10ኛው መቶ ገና የሚከራከሩበት ቀመር በ4ኛው መቶ እስክንድርያ ተዘጋጅቶ ተቀምጦ ነበር ለማለት፣ ከመግጠም ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል።

ለልጅቷ የምሰጣት መልስ ታዲያ ሌላ ነው። የግዕዝ ሊቃውንት ቀኑን ለ60 ኬክሮስ ይከፍሉታል፤ ኬክሮሱን ለ60 ካልዒት፣ ካልዒቱን ለ60 ሣልሲት፣ ሣልሲቱን ለ60 ራብዒት፣ እስከ ሳድሲት ድረስ። የዕብራይስጡን ወር በዚህ ብንጽፈው 29 ቀን፣ 31 ኬክሮስ፣ 50 ካልዒት፣ 8 ሣልሲት፣ 20 ራብዒት ይሆናል፤ አንዲት ቀሪ የለውም። ይህ ቁጥር በዚሁ መልኩ በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እስክንድርያ በነበረው በበጥሊሞስ መጽሐፍ ላይ አለ፤ ከእሱም በፊት በባቢሎን የሸክላ ጽላቶች ላይ አለ። ባሕረ ሐሳብ ስሌቱን የሚሠራው በዚህ ወር አይደለም፣ ይህን እንዳናምታታ። በስድሳ መክፈሉ ግን ከባቢሎን የመጣ ነው፤ የሞላዷም ርዝመት ከዚያው መጣ። በ13ኛው መቶ በግብፅ የኖረው አቡ ሻክርም መጽሐፉ ወደ ግዕዝ ሲመለስ አንድ ሌላ የእውቀት ጭነት ደጋው ላይ ደረሰ። እንግዲህ ማንም ከማንም አልኮረጀም፤ ሁሉም ተቀብሏል፣ ሁሉም በራሱ ጳጉሜን ወይም በራሱ ኸላኪም አስተካክሎታል። መቀበል ውርደት ከሆነ ባቢሎንን ትቶ የማይዋረድ የለም።

ስለ ሲግድ

ይህ ሁሉ ከእኛ ሕይወት ጋር ምን አገናኘው ለምትሉ፣ አንድ የምታውቁትን ቀን ላንሣ። ሲግድ ኼሽቫን 29 ነው። ክኔሴት በ2008 ሕግ አውጥቶ የሀገር በዓል አድርጎታል። ቲሽሬ ሁልጊዜ 30 ቀን ነው፤ ስለዚህ ከዮም ኪፑር፣ ከቲሽሬ 10፣ እስከ ሲግድ 49 ቀን አለ፤ ኪፑርን ጨምረን ስንቆጥር ሲግድ ሃምሳኛው ቀን ይሆናል። 49 ደግሞ 7 በ7 ነው። ስለዚህ ሲግድ ዮም ኪፑር በዋለበት ዕለት ይውላል። ባለፈው ኪፑር ሐሙስ፣ ኦክቶበር 2 ነበር፤ ሲግድም ሐሙስ፣ ኖቬምበር 20 ሆነ።

አሁን የራቢዎቹን ሕግ ጨምሩበት። «ሎ አዱ ሮሽ» ይላል፦ ሮሽ ሀሻና እሑድ፣ ረቡዕና ዓርብ አትውልም። ስለዚህ ኪፑር ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ ወይም ቅዳሜ ብቻ ነው። ሲግድም እንዲሁ። ቅዳሜ ሲሆን በዓሉ ወደ ሐሙስ ይመለሳል፣ በ2024 እንደሆነው። ስለዚህ እዚህ ሀገር ሲግድን ኢየሩሳሌም ወጥተን የምናከብረው ሰኞ፣ ረቡዕ ወይም ሐሙስ ነው። እሑድ፣ ማክሰኞ ወይም ዓርብ የዋለ ሲግድ እኔና እናንተ አላየንም፤ ሉአኹ እስካለ ድረስም አናይም።

በኢትዮጵያ ይህ ሕግ አልነበረም። ቤተ እስራኤል የራቢዎቹን ትእዛዝ አያውቁም ነበር፤ ብርሃን ሠረቀን፣ አስተርዮን፣ በዓለ መጸለትን፣ ሲግድን ቄሶች በራሳቸው የጨረቃ ቆጠራ ያሳውቁ ነበር። አያቶቻችን ሲግድን ዓርብም ማክሰኞም ሊያከብሩት ይችሉ ነበር። እዚህ ስንመጣ ስሙ፣ ጸሎቱና ጃንጥላው አብሮን መጣ፤ ቀኑን የሚያወጣው ሒሳብ ግን ተለወጠ። ይህን የማነሣው ሉአኹን ለመክሰስ አይደለም። ሕዝብ አንድ ላይ ሲኖር አንድ አቆጣጠር ያስፈልገዋል። የሚያሳዝነኝ ልውውጡ ሲደረግ ማንም አለመቁጠሩ ነው። በዓሉን አከበርንለት፤ ቆጠራውን ግን እንደ ሒሳብ ያየልን ጥቂት ነው። ለግዕዙ ብራና አንድ ኖይገባወር ተገኝቶለታል። ለቄሶቻችን የቃል ስሌት ያንን ያህል ጊዜ የሰጠው ማን ነው?

ለዚህ ነው ሁለቱንም ንባቦች የተቃወምኩት። «ምልክት ነው» የሚለው ቁጥሩን ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል፤ የተሰቀለ ነገር ደግሞ አይመረመርም። «ማን ኮረጀ» የሚለው እኛን ተከሳሽ ወይም ከሳሽ ያደርገናል፤ ፍርድ ቤት የገባ ሰው ለመማር ጊዜ የለውም። የአባቶቻችን ስሌት ሊፈተን ይገባዋል፤ የትኛው አካፋይ ከየት መጣ፣ የትኛው ቀሪ የት ሄደ ተብሎ። መፈተን የሚችል ነገር ነውና።

ስለ ጽሑፉ ማወቅ የምትፈልጉ ከፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ «ባሕረ ሐሳብ» ጀምሩ፤ አማርኛችሁ ከደከመ ከእናታችሁ ወይም ከአባታችሁ ጋር አንብቡት። ስለ ቃሉ ግን መጽሐፍ የለኝም። በዕድሜ የገፉ ቄሶችና ሽማግሌዎች በየሽኹናችን አሉ፣ ሺምሾንም ጭምር። ስታገኟቸው «ቆጠራችሁ ትክክል ነበር?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ያ የፈታኝ ጥያቄ ነው። «አባ፣ ደመና ጨረቃዋን ሲሸፍናት ወሩን በስንት ይዘጉት ነበር? አሥራ ሦስተኛውን ወር የሚጨምሩትስ ምን አይተው ነው?» በሏቸው። የሚሉትን ቁጥር ሳታርሙ፣ ሳታሳምሩ፣ ቀኑን ጨምራችሁ ጻፉት። አካፋዩን አብረን እንፈልገዋለን።